ፌንጣ ሲጠፋ ለትንሿ እስስት፦ ዝንብ ማርባት ወይስ ከደጅ መያዝ?

የየመን እስስት በልጅነቷ በየቀኑ መብላት አለባት። የደረቁ ነፍሳትን እንደ አማራጭ አላያቸውም፤ እስስት የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ምላሷን የምትወረውረው ከስንት አንዴ ነው።

ከደጅ መያዝ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የነፍሳቱም ዓይነት ብዙ ነው። ግን ፀረ ተባይ ከተረጨበት ሣር የመጣ ፌንጣ ትንሿን ሊገድላት ይችላል፤ ጥገኛ ትላትልም አለ። ሌሊት የሚያበሩት ጥንዚዛዎችማ ለእንሽላሊት ወገን መርዝ ናቸው፤ እባካችሁ አትሞክሩት!

የፍራፍሬ ዝንብ በጠርሙስ ውስጥ፣ የበሰለ ሙዝና እርሾ ላይ ይራባል። አፉን አየር በሚያስገባ ስስ ጨርቅ ሸፍኑት። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ፌንጣው ሳያልቅ መጀመር ያስፈልጋል። መብረር የማይችለው ዝርያ ከተገኘ ሥራው በጣም ይቀላል። ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ ፎስፈረስ የሌለው የካልሲየም ዱቄት ነስንሱበት፤ አለዚያ አጥንቷ ይለሰልሳል። እያደገች ስትሄድ ግን ዝንቡ ያንስባታል።

እኔ ያለማመንታት ዝንቡን እመርጣለሁ። ከደጅ የምይዘው መድኃኒት እንዳልነካው ከማውቀው ግቢ ብቻ ነው፤ እሱንም በዓይኖቿ መካከል ካለው ርቀት የማይሰፋውን።