ሃስ ወይስ ፉዌርቴ? ለሐዋሳ ግቢ የሚሆን አቮካዶ

ሃስና ፉዌርቴ ሁለት የአቮካዶ ዓይነቶች ናቸው፤ የሁለቱም ሳይንሳዊ ስም ፐርሴያ አሜሪካና ነው፤ ከቀረፋ ጋር በአንድ ቤተሰብ፣ በላውራሴ፣ ይመደባሉ። ዓመቱን ሙሉም አረንጓዴ ናቸው።

ሃስ ሲበስል ይጠቁራል። ልጣጩ ወፍራምና ሻካራ ስለሆነ መንገድ ይችላል። ፉዌርቴ እንደለመለመ ይበስላል፣ ልጣጩም ስስ ነው። ለጁስ ግን እኔ እሱን አስቀድማለሁ።

ጉዳዩ ያለው አበባው ላይ ነው። የአቮካዶ አበባ ሁለቴ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴት፣ በኋላ ወንድ ሆኖ። ሃስ ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፤ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይመለሳል። ፉዌርቴ ተቃራኒው ነው፦ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። አጠገብ ላጠገብ ከቆሙ ንቦች ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሱታል። ብርድ ሲሆን ሰዓቱ ይዛባል እንጂ!

ቦታ ከጠበበ ሃስን ትከሉ፤ ብቻውንም ያፈራል። ታዲያ የተዳቀለ፣ ማለትም የሃስ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀበት፣ ችግኝ ይሁን፤ ከፍሬው የበቀለ እናቱን አይመስልም።