የኮሚዩኒቲ አድቮኬሲ ዲግሪዬ፦ ትምህርቱ ጥሩ፣ ዋጋው ከባድ

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ "እኔም ያንቺን ልማር እያልኩ ነው፣ ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ለእሷ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ይህን ዲግሪ የሚያስብ ሌላ የሐበሻ ልጅም ሊኖር ይችላል።

የተማርኩት ኮሚዩኒቲ አድቮኬሲ ነው፣ ለሰፈር ሰው መብት መሟገትና አገልግሎት እንዲያገኝ መርዳት ማለት ነው። የአራት ዓመት ባችለር፤ በ2017 ገብቼ በ2021 ጨረስኩ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ልተወው።

ትምህርቱ በእውነት ጥሩ ነው። የተከራይ መብት፣ የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) አሠራር፣ ሰፈር ማደራጀት፣ ሁሉንም ተማርን። ኢንተርንሺፕ ላይ እያለሁ አንዲት እማማ ያልተከፈቱ ፖስታዎች በፌስታል ሞልተው መጡ። እንግሊዝኛው ስለሚያስፈራቸው አንዱንም አልከፈቱም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈን አንድ በአንድ ስንከፍት ሜዲኬይዳቸው ሊቋረጥ አራት ቀን ብቻ እንደቀረው የሚናገር ደብዳቤ ከሥር ወጣ። ፎርሙን እዚያው ሞልተን ላክን። የትኛው ወረቀት መያያዝ እንዳለበት ያወቅኩት ክፍል ውስጥ ተምሬ ነው። በዚህ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።

ችግሩ ብሩ ላይ ነው። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው አንደኛ ዓመት 5,500፣ ሁለተኛ ዓመት 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው። እኔ አራቱንም ዓመት እስከ ጣሪያው ወሰድኩ፤ 27,000 ዶላር። በ10 ዓመት ልክፈለው ቢባል በወር 275 ዶላር አካባቢ ይመጣል። የመጀመሪያ ሥራዬ በሰዓት 19 ዶላር ነበር፣ በዓመት 40 ሺህ እንኳ አይሞላም። ሲልቨር ስፕሪንግ ለቤዝመንት 900 ከፍዬ፣ የመኪና ኢንሹራንስ ከፍዬ፣ አገር ቤት ላለችው አያቴ ትንሽ ልኬ፣ ያቺ 275 ከየት ትምጣ?

ደሞዜ ደግሞ የእኔ ዕድል ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2023 አኃዝ የእኔን ዓይነት ሥራ የሚሠሩትን የማኅበራዊ አገልግሎት ረዳቶች መካከለኛ የዓመት ደሞዝ 41,410 ዶላር ያደርገዋል። ያው ቢሮ ለሥራው በተለምዶ የሚጠየቀው የሃይስኩል ዲፕሎማ ነው ይላል። ይህን ያነበብኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ዲግሪ የላትም፣ በደሞዝ የምበልጣት በሰዓት በአንድ ዶላር ነው። እሷ ግን ዕዳ የለባትም።

በጣም የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የእኔ ዲግሪ ሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ ሠራተኛነት ሙያ) አይደለም። ስገባ ልዩነቱን ማንም አልነገረኝም። እውቅና ያለው የሶሻል ወርክ ባችለር የያዘ ሰው ማስተርሱን አሳጥሮ መጨረስ ይችላል፣ ለላይሰንስም መንገድ አለው። በ2023 የሶሻል ወርከሮች መካከለኛ ደሞዝ 58,380 ዶላር ነበር። ከኮርሶቹ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ በር የሚከፍተው ግን የዲግሪው ስም ነው። እኔ አሁን ማስተርስ ልማር ብል ሙሉ ሁለት ዓመት ይጠብቀኛል።

ከዚያ የአባቴ ነገር አለ። አባቴ ዲሲ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ሁለተኛ ዓመት ላይ የጎደለውን 12,000 ዶላር በእሱ ስም ወሰድን፣ ፓረንት ፕላስ የሚባለውን፣ ወላጅ ለልጁ ትምህርት የሚወስደውን የፌዴራል ብድር። የእኔ ብድር ወለድ የዚያን ዓመት 5.05 በመቶ ሲሆን የእሱ 7.6 ነበር፣ ከመነሻው ደግሞ ለብድሩ ማስኬጃ ከ4 በመቶ በላይ ተቆረጠበት። "አንቺ ብቻ ተማሪ ልጄ" ብሎ ሳያነብ ፈረመ። ወደ ስሜ ላዙረው ብዬ ብጠይቅ አይቻልም ተባልኩ። እኔው እየከፈልኩት ነው፣ ደብዳቤው ግን በየወሩ በእሱ ስም ይመጣል።

ደግ ጎንም አለው። ለመንግሥት ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው 120 ወርሃዊ ክፍያ ከሞላ የቀረው የፌዴራል ዕዳ ይሰረዝለታል። ከ2007 ጀምሮ ሕግ ነው፣ የእኛ ዓይነት ሥራም በደንብ ይገባበታል። በኮቪድ ጊዜ ክፍያ ቆሞ እየሠራሁ ያሳለፍኳቸው ወራት ጭምር ተቆጥረውልኛል። ግን ሕጉ ይቀያየራል። ሴቭ የተባለውን፣ እንደ ገቢ መጠን የሚከፈልበትን የአከፋፈል ፕላን በ2024 ፍርድ ቤት ሲያግደው እኔም እዚያ ውስጥ ነበርኩ፣ ክፍያዬ የቆመባቸው ወራት ከ120ው ሳይቆጠሩ አለፉ። ይሰረዛል ተብሎ ብቻ 50 ሺህ መበደር አደገኛ ነው።

ለትምህርቱ ከ5 አራት ኮከብ እሰጣለሁ፣ ለከፈልኩት ዋጋ ሁለት።

የአክስቴ ልጅ እንደኔ ሰው መርዳት ነው የምትወደው፣ ከዚያ አላስወጣትም። ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለውን የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴርን ነፃ ድረ ገጽ ከፍተን የየትምህርት ክፍሉን ዕዳና ገቢ ጎን ለጎን አየን። ሁለት ዓመት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ (የካውንቲያችን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ)፣ ከዚያ ወደ ሶሻል ወርክ ባችለር መዛወር ነው ያሰብነው፤ ዩኤምቢሲ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ) እዚሁ ሻዲ ግሮቭ ካምፓስ ያስተምረዋል። ፔል ግራንት የሚባለውን፣ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ተማሪ የሚሰጠውን የፌዴራል እርዳታ ሙሉውን ካገኘች 7,395 ዶላር በዓመት የማይመለስ ነው። ቅዳሜ ፋፍሳዋን፣ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ፎርሟን፣ አብረን እንሞላለን። ፓረንት ፕላስ ላይ አባቷ እንዳይፈርሙ ግን ለአክስቴ ለብቻዋ ነግሬያታለሁ።