ስምንት ወር ከላፕቶፕ ኦርጋን ጋር፦ «ጠቅ» የምትለዋ ድምፅ

«ኪቦርድህ ውስጥ ኦርጋን አለልህ አይደል? ለሶፍትዌር ብለህ ዶላር ታወጣለህ?» ስምንት ወር ሙሉ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። እኛ አገር ኪቦርዱን ሁሉ ኦርጋን ስለምንል ጥያቄው አይገርመኝም። እስቲ አንዴ በደንብ ልመልሰው።

የገዛሁት አርቱሪያ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ቢ-3 ቪ የተባለ የላፕቶፕ ኦርጋን ሶፍትዌር ነው። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ በካርዱ ከፈለልኝ። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን ሃሞንድ ቢ-3 የተባለ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ያስመስላል። ዋናው ዕቃ ከነፔዳሉና ከነወንበሩ 190 ኪሎ ግድም ይመዝናል። አራተኛ ፎቅ ለምኖር ሰው የሚታሰብ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም። ቁልፍ በነካሁ ቁጥር ከድምፁ ፊት «ጠቅ» የምትል ነገር ትቀድማለች። ገመዱ የተበላሸ መስሎኝ ቀየርኩ። ስፒከርም ቀየርኩ። ያው ናት። በኋላ ሶፍትዌሩ ውስጥ መቆጣጠሪያዋን አገኘሁና ዜሮ ላይ አደረግኳት። ድምፁ ጥርት አለ። ሠርግ ላይ ችክችካ ሲመጣ ግን ኦርጋኔ ከድራሙ ኋላ ይጎተታል። ጣቴ ነው ብዬ ሁለት ወር ተለማመድኩ።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። በላፕቶፑ ባትሪ፣ በሄድፎን እየሠራሁ ያቺን መቆጣጠሪያ ወደ ግማሽ መለስኳት። ያንኑ ምት በቀኝ እጄ ደገምኩት። እያንዳንዱ ኖታ ጥርስ አወጣ! ክራር ሲመታ፣ ጅማቱ ገና ሳይዘምር ጣት የምታሰማት «ጠቅ» አለች አይደል? እሷን ናት የምትመስለው። ምቱ በ6/8 ሲሮጥ ጆሮ የሚይዘው በሷ ነው።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። በዋናው ሃሞንድ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ስር 9 የኤሌክትሪክ መገናኛዎች አሉ። ቁልፉ ሲወርድ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይገናኙም። ጠቅታዋ የምትመጣው ከዚህ ነው። ፋብሪካው እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሊያጠፋት ደክሟል። ተጫዋቾቹ ግን ወደዷት። አሁን ሶፍትዌር ሠሪዎች ሆን ብለው ይሠሯታል።

ሶፍትዌሩ የሚያስመስላቸው የሚሽከረከረው የሌስሊ ስፒከርም፣ ድምፁን የሚያቀላቅሉት 9ኙ ተንሸራታች መቆጣጠሪያዎችም (ድሮባሮች) ደህና ናቸው። የማማርርባቸው ነገር የለም።

ኪቦርድ ሻጩ «የኛው ኦርጋን እኮ ድምፁ ንጹሕ ነው» ቢለኝ መልሴ አንድ ነው። ንጹሑን ሁለት ወር ሞክሬዋለሁ፣ ለችክችካ አይሆነኝም። ኪቦርዴ ውስጥ ያለውንም ኦርጋን ደግሜ ሰማሁት። ለስለስ ብሎ ይገባል፣ የሚነክስበት ቦታ ግን የለውም። ላወጣሁት ዶላር ቅንጣት አልቆጨኝም።

በሳምንቱ ሠርግ ላይ ቤዚስታችን በዘፈኑ መሃል ዞር ብሎ አየኝ። ሲያልቅ «ዛሬ ምን ጨመርክበት?» አለኝ።

አሁን ከኪቦርዴ ማዞሪያዎች አንዷን ለጠቅታዋ ብቻ ሰጥቻታለሁ። ዙሪያዋን ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ሁለት ቦታ በእስክሪብቶ ጭሬበታለሁ። ላይኛው ጭረት ለችክችካ ነው፣ ታችኛው ለትዝታ።