ከጎንደር ምን ይዞ መመለስ ይሻላል፦ የታሪክ መጽሐፍ ወይስ የወለቃ ሸክላ?

የፋሲል ግቢን ጎብኝቶ ወደ መታሰቢያ ዕቃ መሸጫ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመነታው ስለ ከተማዋ ታሪክ በተጻፈ መጽሐፍና በወለቃ የሸክላ ሥራ መካከል ነው።

ሸክላው ልብ ይስባል። ከጎንደር በስተሰሜን በምትገኘው በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይታወቁበት የነበረው ይህ ጥበብ ዛሬም አልጠፋም፤ በእጄ ያነሣሁትን ትንሽ የአንበሳ ምስል ገልብጬ ባየሁት ጊዜ ከሆዱ ሥር የሠሪዋ አውራ ጣት አሻራ ከጭቃው ጋር ተቃጥሎ ቀርቶ ነበር። በማሽን የተመረተ ዕቃ ይህን ከቶ አይሰጥም። ይሁን እንጂ በጨርቅ ተጠቅልሎ ካልተያዘ የአንበሳው ጅራት መንገድ ላይ ይቀራል።

መጽሐፉ ግን፣ በተለይ የግቢውን ካርታ የያዘ ከሆነ፣ ጉብኝቱን ራሱን ይለውጠዋል። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሠሩት ባለ አራት ማዕዘን ግንብ አንሥቶ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ድረስ ማን ከማን ቀጥሎ እንደ ገነባ የተረዳ አንባቢ፣ ተበታትነው የሚታዩት ግንቦች ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ያቆማቸው መሆናቸውን ያስተውላል። ስለዚህ እኔ መጽሐፉን አስቀድማለሁ፤ የሚገዛውም ወደ ግቢው ከመግባት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ለወዳጅ ቤት ስጦታ ከሆነ ግን ሸክላው ይበልጣል።