የመኪናው ኮምፒውተር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ሰበታ ላይ መኪናዬ አልነሳ ሲል መካኒኩ ወዲያው «ኮምፒውተሩ ነው» አለኝ፤ ሞተሩን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ማለቱ ነው። ቆይ፣ መጀመሪያ ባትሪው፣ ፊውዙና የማሳው ገመድ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው) ይታይ! ኮምፒውተሩ በቂ ቮልት ካላገኘ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

የምር ከተበላሸስ? ከሶማሌ ተራ ያገለገለ መግዛት ፈጣን ይመስላል። ግን የዕቃው ቁጥር ከነፊደሉ ከድሮው ጋር መግጠም አለበት። ኢሞቢላይዘር (የማያውቀው ቁልፍ ሲገባ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ የሌባ መከላከያ) ያለው መኪና ደግሞ ቁልፉን ካላስተዋወቁት አይነሳም። ይሄ ሌላ ወጪ ነው።

የተጠገነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ዳታ ይዞ ይመለሳል፤ ቁልፉም ያውቀዋል። በድሮ መኪኖች ላይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ፈሳሹ የወጣ ካፓሲተር (ቦርዱ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ነው፣ እሱም ይቀየራል። እኔ ማስጠገኑን እመርጣለሁ። ቦርዱ ውሃ ገብቶት ከተበላ ግን መቀየር ነው። በሁለቱም መንገድ ሾርት ያደረገ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ዕቃ) ካለ አስቀድማችሁ አስወግዱት፤ አለዚያ የተጠገነውንም ሆነ የተቀየረውን ኮምፒውተር ሊያቃጥለው ይችላል።