ለጎንደር እናቶች፦ እኔን ያረሱኝን ሴት ልጠቁማችሁ

ይህን ጽሁፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬው ሦስቱንም ጊዜ ሕፃኗ ነቅታብኛለች። አሁን ተኝታለች፤ ቶሎ ቶሎ ልበል።

ባለቤቴ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለስፔሻሊቲ ትምህርት ሲደርሰው እኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። እሱ ቀድሞ ሄደ። እኔ እናቴ ቤት አዲስ አበባ ወለድኩና ሕፃኗ 35 ቀን ሲሆናት፣ የሁለት ዓመት ከሦስት ወር ወንድሟን ጨምሬ ተከተልኩት። እናቴ "ክርስትና ሳትነሳ የት ትወስጃታለሽ?" ብላ አለቀሰች። ሴት ልጅ 80 ቀኗን ሳትጨርስ፣ እኔም ገና አራስ ሆኜ። እውነቷን ነው። ግን ከወሊድ በኋላ ባንኩ የሚሰጠኝ 90 ቀን ነው፤ የጎንደር ቅርንጫፍ ዝውውሬም ተፈርሟል። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ቤት ቤት እንዲመስል ፈልጌ ነበር። ዕቃው በአይሱዙ፣ እኛ በአውሮፕላን። በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ አዘዞ ስንወርድ ግን እናቴ ባሕር ማዶ የቀረች መሰለኝ።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ቤቱ ሴት በሴት ነበር። ገንፎ የምታገነፋ ሌላ፣ ልጅ የምታጥብ ሌላ፣ ዝም ብላ የምታወራ ሌላ። አሁን ደግሞ ሰው "ሐኪም አግብታ ምን ጎደላት" ይላል። ሐኪሙ ዲዩቲ ያለበት ቀን ጠዋት ወጥቶ የሚመለሰው በማግስቱ ነው። ሲመለስም ካልሲውን ሳያወልቅ ይተኛል። አልፈርድበትም።

መጀመሪያ በደላላ ሞከርኩ። ኮሚሽን ከፈልኩ። ያመጣልኝ ሠራተኛ ራሷ ልጅ ናት። በሦስተኛው ቀን "እናቴ ናፈቀችኝ" ብላ ስታለቅስ "የኔም ናፍቃኛለች" አልኳትና አብረን አለቀስን። የትራንስፖርት ሰጥቼ ሸኘኋት። ደላላው ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳም።

በመጨረሻ የሰፈራችን ባለሱቅ "አንዲት እናት አሉ፤ ግን ሰው ይመርጣሉ" አለኝ። በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ጥያቄዎቼን ስልኬ ላይ ጽፌ ተዘጋጅቻለሁ፤ የት ሠርተዋል፣ ተያዥ አለዎት ወይ፣ ምናምን። እሳቸው ቀደሙኝና "ቁርስ በልተሻል?" አሉኝ። አልበላሁም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፏል። ነጠላቸውን በር ላይ ሰቅለው ወጥ ቤት ገቡ። ቃለ መጠይቁ በዚሁ አለቀ።

አጥሚቱን እየጠጣሁ ሕፃኗን ላቀብላቸው ስል "አይ፣ እሷ ያንቺ ናት" አሉኝ። "እኔ የመጣሁት ለቀረው ነው።"

ይህን ነገር ያኔ አልገባኝም ነበር። ሊረዳኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሕፃኗን ይቀበለኛል፤ እኔ ደግሞ ሳህን አጥባለሁ። እሳቸው ገለበጡት። እኔን ከሕፃኗ ጋር አስቀምጠው ቤቱንና ትልቁን ልጅ ያዙ።

የትልቁ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ነበር። ከመጣን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጫማውን ይዞ በሩ ሥር ይቆማል። አያቱ ጋ እንሂድ ነው። ሽንት ቤት መጠቀም ለምዶ የነበረው ልጅ ዳይፐር ፈለገ። አንድ ቀን ሕፃኗን በማንኪያ መታት። ሰፈሩ ደግሞ እግዜር ይስጣቸው፣ አራስ ለመጠየቅ ማንም አልቀረም። ግን ሁሉም ገና ሲገቡ "የታለች? የታለች?" እያሉ እሱን አልፈውት ነው ወደ አልጋው የሚሄዱት። እኔ ይህን አላየሁትም። እሳቸው አዩት። በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ በሹክሹክታ "መጀመሪያ ታላቁን ሳሙት" ማለት ጀመሩ። አንዷ ጎረቤት ብትረሳ መልሰው አስወጧት፤ ቀልዴን አይደለም። ልጄ ከሳምንት በኋላ እንግዳ ሲመጣ እሱ ራሱ እጁን ይዞ ወደ እህቱ መውሰድ ጀመረ። አሁንም ይቀናል፤ ማንኪያዋን ግን ትቷታል።

እትዬ ማለት ስለማይችል "ቲዬ" ይላቸዋል። እኛም ቲዬ ብለን ቀረን።

ለጎንደር አዲስ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ውሃ በፈረቃ ነው። የአንገረብ ግድብ ከተማውን ማጠጣት ካቃተው ቆይቷል። ሁለት ልጅ ዳይፐር ላይ ሆነው ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ቲዬ የሰፈራችንን ፈረቃ በቃላቸው ያውቃሉ። የዕቃ ማለቅለቂያው ውሃ ለወለል፣ የወለሉ ለሽንት ቤት። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ሮቶው ባዶ ሆኖ አያውቅም።

የ45 ቀኑ ክትባት ጊዜ ጤና ጣቢያ አብረውኝ ሄዱ። ሕፃኗ በአፏ ጠብታ ወስዳ ሁለቱ ጭኖቿ ላይ ስትወጋ እሳቸው ልጄን ውጪ አውጥተው ባጃጅ ያስቆጥሩት ነበር። ከሦስት በላይ ስለማያውቅ ሦስት ላይ ሲደርስ ከአንድ ይጀምራል። "ጎንደር ስንት ባጃጅ አላት?" ስለው እስካሁን መልሱ ሦስት ነው።

ተጣልተንም እናውቃለን። ሕፃኗን ሆዷን ሲቆርጣት የአብሽ ውሃ ላቅምሳት አሉ። እኔ እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ጠብታ ውሃ እንኳን አይገባም አልኩ። ባለቤቴንም ምስክር ጠራሁ። "ዶክተርም በአብሽ ነው ያደገው" ብለው ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ። በማግስቱ አብሹን አሽተው፣ አጣፍጠው፣ በብርጭቆ ይዘውልኝ መጡ። "ለእናትየው ተከልክሏል?" አሉኝ። አልተከለከለም። ጠጣሁት።

እንከን አልባ ናቸው አልልም። ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው ቁስቋም ድረስ ይሰማል። ለሚካኤልና ለማርያም አይመጡም፤ ቀኑን እናንተ ናችሁ የምታስታውሱት። ልብስ ማጠቢያ ማሽን አያምኑም። ቡና ሦስተኛው ሳይጠጣ ከቦታቸው አይነሱም፤ የቸኮለ ሰው ይከፋዋል። እኔ እንኳን ወደድኩት፤ ከቡናው ሰዓት በቀር ወሬ የማወራበት ጊዜ የለኝም።

እናቴ ስልክ ላይ ስለ ክርስትናው ስትጨነቅ ስልኩን ተቀብለውኝ "44 ታቦት ባለበት ከተማ ቄስ ይታጣል ብለው ነው?" አሏት። እናቴ ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ላይ ስትስቅ ሰማኋት። ለ80ው ቀን መጣች። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ክርስትና አነሳናት። እናቴና ቲዬ ሁለቱ ወጥ ቤት ገብተው ስለ አጥሚት ሲከራከሩ አመሹ፤ አንዷ ገብስ፣ አንዷ አጃ። እኔ ሳሎን ተኝቼ ሰማሁ። እናቴ ስትመለስ እንደ ፈራሁት አላለቀሰችም። ለቲዬ ስልክ ቁጥሯን አስመዝግባ ሄደች፤ አሁን ስለ ልጆቼ ወሬ የምትጠይቀው እሳቸውን ነው።

ቲዬ ስማቸውና ፎቷቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ "እኔ ሸቀጥ ነኝ?" ብለውኛል። ስለዚህ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ክፍያቸውን እዚያው እነግራችኋለሁ። ከተለመደው ከፍ ይላል፤ እንዳትከራከሯቸው። አዳር አይሠሩም። እሑድም አይሠሩም። በተለይ ለሆስፒታልና ለዩኒቨርሲቲ ሥራ ዘመድ የሌለበት ከተማ ለመጣችሁ፣ አራስና ድክ ድክ የሚል ልጅ ላላችሁ ነው የምላችሁ። መጀመሪያ እሳቸው ቤታችሁ መጥተው ያያሉ። ካልወደዷችሁ አይመለሱም፤ አትቀየሙ።

እኔ ሥራ ልጀምር ስለሆነ የባለቤቴ እህት ከእኛ ጋር ልትኖር መጥታለች። ቲዬም ከሰኞ ጀምሮ ከሰባት ሰዓት በኋላ ነፃ ናቸው። ጠዋታቸውን ግን እንዳትጠይቁኝ።

ነቃች።