ያሳደጋችሁትን አውራ ዶሮ ማን ይረድላችሁ? ቤት ድረስ የሚመጣው አራጅ፣ ባለማሽኑ ቤትና ሾላ ገበያ ሲመዘኑ

የጓሮ ዶሮ የሚያረባ ቤት ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጉዳይ ላይ ይደርሳል። ከተፈለፈሉት ጫጩቶች በአማካይ ግማሾቹ አውራ ይሆናሉ፤ ለስምንት ወይም ለዐሥር ሴት ዶሮ ግን አንድ አውራ ይበቃል። ዕንቁላል ብቻ ለሚፈልግ ቤት አንዱም አያስፈልግም፤ ሴቷ ያለ አውራ ትጥላለች፣ ዕንቁላሏ አይፈለፈልም እንጂ። ትርፎቹ አምስት ወር ገደማ ሲሆናቸው እርስ በርስ ይደማማሉ፣ ሴቶቹ ላይ እየተፈራረቁ በመውጣት ጀርባቸውን ላባ አልባ ያደርጋሉ፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮም ጎረቤቱን ይቀሰቅሳሉ። ስለዚህ መሄዳቸው አይቀርም።

ከገበያ ተገዝቶ ማታውኑ ለሚታረድ ዶሮ ማንም ልቡ አይነካም። ከልጆች መዳፍ በቆሎ እየለቀመ ያደገ፣ ስም የወጣለት ገብስማ ሲሆን ግን ወጡ ተሠርቶ ቀርቦም እጁን የማይሰድ ሰው ከቤቱ አይጠፋም። ይህን እንደ ቅብጠት አትዩት፤ በቁጣም አይለቅም። ሐዘኑ የሚከብደው ወይም የሚቀለው በአብዛኛው በአሸኛኘቱ ነው። ከዚህ በታች አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን አማራጮች የመዘንነው በሁለት ነገር ነው፦ ዶሮው ምን ያህል ተጨነቀ? ቤተሰቡስ ምን አይቶ ቀረ?

የመጀመሪያ ምርጫችን ቤት ድረስ የሚመጣው አራጅ ነው። ሆኖም በዋዜማ «ዶሮ የሚያሳርድ!» እያለ በሩን የሚያንኳኳው መንገደኛ ማለታችን አይደለም። እሱ ችኩል ነው። ቢላዋውን ከቤት ቤት ሲዞር አይስለውም፣ ዶሮውን ክንፉንና እግሩን በእግሩ ረግጦ ያርድና መሬት ላይ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ግቢውን እያካለለ የሚዘለውን ዶሮ ልጅ ካየው ለዓመታት አይረሳውም። ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ በዓል ባልሆነ ቀን የምትቀጥሩት ሰው ግን ሌላ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ቢላዋውን እዚያው ስሎ ይጀምር እንደሆነ ጠይቁት። የክርስቲያን ወይስ የሙስሊም አራጅ መሆኑንም አስቀድማችሁ እወቁ፤ ሥጋውን ለጎረቤት የምትሰጡ ከሆነ ማን ሊበላው እንደሚችል የሚወሰነው በዚህ ነው።

ዝላዩን የሚያስቀረው ቀላል ነገር ጀሪካን ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ቂጡን ቁረጡ፣ አፉን የዶሮ ራስና አንገት እስኪያሳልፍ አስፉ፣ ተዘቅዝቆ እንዲንጠለጠል በሁለት ምስማር ግንድ ላይ ምቱት። ሳሶ ለሚባለው ዝርያ ትልቅ አውራ 10 ሊትሩ ይሻላል። ዶሮው በራሱ በኩል ይገባል፣ አንገቱ ከታች ይወጣል፣ ክንፎቹ በጀሪካኑ ግድግዳ ተደግፈው ይቆያሉ። ቁርጡ ከመንጋጋው ሥር ሆኖ በሁለቱም ወገን ያሉትን የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ መበጠስ አለበት። አንዱ ወገን ብቻ ከተቆረጠ ደሙ ቀስ እያለ ይፈስሳል፣ ሥቃዩም ይረዝማል። የደነዘ ቢላዋ ጥፋቱ ይኸው ነው። ሁለቱም ከተበጠሱ ዶሮው ፈጥኖ ራሱን ይስታል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው መወራጨት የነርቭ እንጂ የሕመም አይደለም። ይህን ለልጆች ከመታረዱ በፊት መንገር ይገባል፤ ካዩት በኋላ ቢነገራቸው አያምኑም።

አራጁ ሙያውን የሚያውቅ ከሆነ ውሃውም ላይ ይታያል። ላባ የሚለቀው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ሲነከር ነው። የፈላውን ውሃ እንዳለ ከደፉበት ቆዳው ይበስልና ከላባው ጋር ይላጣል። ውሃው ከቀዘቀዘ ደግሞ የክንፉና የጅራቱ ላባ እየተሰበረ ሥሩ ይቀራል። ቴርሞሜትር ለሌለው፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር መቀላቀል ወደሚፈለገው ሙቀት ያደርሳል። ለአንድ አውራ ስምንት ሊትር የፈላና አራት ሊትር ቀዝቃዛ ይበቃል። የቀረችውን ጭገር በእሳት መለብለብ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ለቤተሰቡ የሚጠቅመው የመታረዱ ዋዜማ ማታ ነው። ልጁ የመጨረሻዋን እፍኝ በቆሎ ከመምሸቱ በፊት ያብላው፤ ከዚያ በኋላ ውሃ እንጂ ጥሬ አይሰጠውም፣ ሆዱ ባዶ ካልሆነ ሲበለት ሥጋውን ያበላሻል። ሲጨልም ከቆጡ ላይ ሁለቱን ክንፎች ከገላው ጋር በሁለት እጅ አቅፋችሁ አንሡትና ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ፣ ከሌሎቹ ራቅ አድርጋችሁ አሳድሩት። ዶሮ በጨለማ ዝም ይላል። ጠዋት ግቢውን እየዞሩ ማሳደድ፣ ጩኸትና አቧራ አይኖርም። ከመታረዱ ይልቅ ብዙ ልጆችን የሚያስለቅሳቸው ማሳደዱ ነው።

የላባ መንጫ ማሽን ያለው ቤት ሁለተኛ ይወጣል። ምንም ማየት ለማይፈልግ ሰው ይህ ይሻለዋል፤ አድርሶ መመለስ ብቻ ነው። ጉድለቱ፣ ዶሮው ከማያውቃቸው ጋር በሽቦ ቤት ታጉሮ ተራ መጠበቁ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት አድርሱት እንጂ ከሰዓት አትውሰዱት። የራሳችሁ ዶሮ እንዲመለስላችሁ እግሩ ላይ ቀለም ያለው ክር እሰሩና እግሩ ሳይቆረጥ እንዲያስረክቧችሁ ንገሯቸው። አበላለቱንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንዳንዱ ቤት በመጥረቢያ አጥንቱን እያቋረጠ ይከታትፈዋል፤ ያኔ 12ቱ ብልት አይወጣም፣ ስባሪ አጥንትም ወጡ ውስጥ ይገባል። በመጋጠሚያው እንዲለያዩት፣ መቋደሻውንና ጉበቱን እንዲመልሱ፣ ሐሞቷን እንዳያፈርጡ አስታውሷቸው።

ከነሕይወቱ ሾላ ወስዶ መሸጥ ለኪስ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለወደዳችሁት አውራ ግን አንመክረውም። እዚያ ዶሮ እግሩ ታስሮ፣ ከሌሎች ጋር ተዘቅዝቆ ሲንጠለጠል ይውላል። ዶሮ ሆዱንና ደረቱን የሚለይ ጡንቻ የለውም፤ ሲዘቀዘቅ የሆድ ዕቃው ሳንባው ላይ ይጫናል፣ መተንፈስ ይከብደዋል። የግድ ከሆነ በዘንቢል፣ እግሩን ሳታስሩ ውሰዱት። ካልተሸጠ ደግሞ ወደ መንጋው አትመልሱት። ፈንግል የሚባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ከገበያ ወደ ጓሮ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ አንድ ዶሮ ለማትረፍ ሁሉንም ማጣት ይመጣል።

«ገጠር ለዘመድ ሰጠነው» የሚለው መፍትሔ ብዙ ቤት አለ። በከተማ ግቢ ያደገ አውራ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ አያውቅም፣ እዚያም ለበዓል ይታረዳል። ስጡ፣ ነገር ግን ልጁን «እዚያ እየኖረ ነው» አትበሉት። በሚቀጥለው ክረምት ሲሄድ ይጠይቃል።

የራሱን መብላት ለማይችል ቤት ከጎረቤት ጋር መለዋወጥ አለ። በእኛ ግምት ከሁሉ የዋህ መንገድ ይህ ነው። የሚለዋወጠው ግን የታረደው ሥጋ ይሁን፤ ከነሕይወቱ ከሆነ ያው የፈንግሉ ነገር ይመጣል። መድኃኒት የወሰደ ዶሮ ከሆነም ማሸጊያው ላይ የተጻፈው፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ሥጋው ሳይበላ የሚቆይበት ቀን ሳያልቅ ለማንም ሥጋውን አትስጡ።

ትርፍ አውራዎች ሦስት ከሆኑ ሦስቱንም በአንድ ቀን ጨርሱ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ሲሆን ቤቱ በሐዘን ላይ ሐዘን ይደርብበታል፣ የቀሩትም በየጊዜው እንደ አዲስ ይደባደባሉ። ለልጁ አንድ ረጅም የጅራት ላባ አስቀሩለት፤ ውሃ ውስጥ ከመነከሩ በፊት ይነቀል፣ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ይድረቅ።

ቀጠሮውን በተመለከተ፣ ውሳኔውን ለዐቢይ ጾም አታሳድሩት። ያደገ አውራ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ይበላል፤ በ55 ቀን 6 ኪሎ ተኩል ያልፋል፣ ልጆቹም በዚያው ልክ ይበልጥ ይለምዱታል። ለፋሲካው ካቆያችሁት ግን አራጁን ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ አነጋግሩትና የቅዳሜ ሹርን ማለዳ ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ያው ችኩሉ ሰው ነው።